የጥር ዕረፍታችን

ዛሬ እኔና ባለቤቴ ከዋሽንግተን ብዙ ሳንርቅ ሁለት ቀን የምናርፍበትን ገጠር ስንፈልግ አምሽተን፣ በመጨረሻ በቨርጂኒያ የሚገኘውን ላውደን ካውንቲን መረጥን። ሲልቨር ላይን የሚባለው የዋሽንግተን የከተማ ባቡር ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ካውንቲ ውስጥ እስካለችው አሽበርን የሚደርስ ቢሆንም፣ የምናርፍባት በ1787 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረችው ትንሿ ከተማ ሚድልበርግ ከዚያ ራቅ ስለምትል በ50 ቁጥር አውራ ጎዳና በመኪና ለመሄድ ወስነናል። ዘንድሮ በከተማዋ በታኅሣሥ ወር የሚደረገው የፈረሶችና የአደን ውሾች ሰልፍ አምልጦናል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ለምሳ ጎራ ባልንበት ወቅት አንዲት ባለ ሱቅ፣ ምንም ሳንገዛ፣ ከምድጃዋ አጠገብ አስቀምጣ ያሞቀችን አልተረሳንም። እናቴ በስልክ ስነግራት «በጥር ገጠር የምትሄዱት ማን ሊዳር ነው?» አለችኝ።