ቅዳሜን ሙሉ ፓስወርድ ስቀይር

ለስንት ዓመት አንድ ፓስወርድ ነበረኝ። ስሜ፣ የተወለድኩበት ዓመት፣ መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ። መሥሪያ ቤት በየሦስት ወሩ ቀይሩ ሲሉን ቁጥሩ ላይ አንድ ጨምሬ "ቀየርኩ" እላለሁ። ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፣ ኒስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እንኳ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓስወርዱ የመሰረቅ ምልክት ካልታየበት ሰውን በየጊዜው አታስቀይሩ ይላል። ለካ የሚቀልደው እንደኔ ዓይነቱ ብዙ ነው።

ያባነነኝ የአክስቴ ልጅ ነገር ነው። "ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ" የሚል ሊንክ ከጓደኛዋ ቴሌግራም መጣላት። ከፈተች፣ ስልኳንና የደረሳትን ኮድ አስገባች፣ በቃ። ማታውን በእሷ ስም ለዘመድ አዝማድ ሁሉ "ትንሽ ብር ላኩልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ" ተጻፈ። አጎታችን ሳይደውሉ ላኩ።

ቅዳሜ ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። የጀመርኩት ከኢሜይሌ ነው፤ የሌላው ሁሉ ፓስወርድ ሲጠፋ መቀየሪያው የሚላከው እዚያ ስለሆነ፣ እሱ ከተያዘ ሌላው ተከትሎ ነው የሚሄደው። ከዚያ ቢትዋርደን የሚባል የፓስወርድ መያዣ አፕ ጫንኩ፣ ነፃ ነው። ለየአካውንቱ ረጅም ፓስወርድ እሱ ይፈጥራል፣ እሱው ይይዛል። እኔ የማስታውሰው ዋናውን ብቻ ነው፤ እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል። እሱንም ወረቀት ላይ ጽፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ወረቀት ላይ አይጻፍም የሚሉ አሉ፣ ግን በሊንክ የሚሰርቀኝ ሰው ቁም ሳጥኔን አይከፍትም።

ቴሌግራም ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አበራሁ። ኮዱ በስህተት ሌባ እጅ ቢገባ እንኳ ሌላ ፓስወርድ ይጠየቃል። ዲቫይስ የሚለውን ስከፍት ደግሞ ምን ባይ ጥሩ ነው? ድሮ ሲቪዬን ያሳተምኩበት ፕሪንት ቤት ኮምፒውተር ላይ አካውንቴ እስካሁን ክፍት ነው! ወዲያው ዘጋሁት።

የቀረኝ የድሮ ስልክ ቁጥሬ ነበር። ሲሙን ከጣልኩት ቆይቷል፣ ሁለት አካውንቶቼ ግን አሁንም ኮድ የሚልኩት ወደዚያ ነው። ደወልኩበት። አንዲት እናት አነሱ። ነገሩን ገና ሳልጨርስ፣

"ውይ፣ ይሄ ኮድ ኮድ እያለ ሲያስቸግረኝ የነበረው ያንተ ነው እንዴ?" አሉኝ።