«ወፈርክ» ሲሉኝ

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ጋ ተመዘንኩ። 65። «ቀነስክ እኮ» አለኝ፣ ያዘነልኝ ይመስላል። ከሁለት ወር በፊት 67 ነበርኩ። ያኔ ፈገግ ብሎ «አሁን ሰው መሰልክ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የተደሰትኩት ዛሬ ነው።

የአባቴ ፕሮሰስ ሲያልቅ አሜሪካ እሄዳለሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እዚያ ወታደር መሆን ይችላል፣ ሐሳቤም እሱ ነው። ጦሩ ውስጥ ያለው የአክስቴ ልጅ ፈተናውን በስልክ አስረዳኝ። ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አምስት ነገር ነው፦ ብረት ከመሬት ማንሳት፣ ፑሽአፕ፣ እየሮጡ መጎተትና መሸከም፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ መጨረሻ ላይ የ3.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ከእያንዳንዱ ቢያንስ 60 ነጥብ ይፈለጋል። አንዱን 100 ደፍኖ በሌላው መውደቅ ዋጋ የለውም። «አንተን ነፋስ ይወስድሃል፣ መጀመሪያ ብላ» አለኝ።

ጥቅምት ላይ 61 ኪሎ ነበርኩ። በላሁ። ጠዋት ፈጢራ በማር፣ ምሳ ሩዝ፣ ማታ እናቴ ያቀረበችውን ሁሉ። ከሰዓት በርጫ መቀመጥም ተውኩ። ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ ድሬ ተወልዶ የማያውቅ የለም። (ጓደኞቼ ተቀይመዋል። ስሜም «ጄኔራል» ሆኗል።)

በአሥር ሳምንት 6 ኪሎ ጨመርኩ። ሰፈሩ ሁሉ «ወፈርክ!» ይለኛል፣ እኛ ጋ ምርቃት ነው። ሱሪዬ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ትከሻዬ ላይ የገባው ትንሽ ነው፣ የቀረው ወገቤ ላይ ተቀምጧል። ሩጫውን በ15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እጨርስ ነበር፤ 16 ከ40 ገባሁ። ስድስት ሊትር ውሃ ታቅፎ መሮጥ ማለት እኮ ነው።

ደነገጥኩና በሳምንት ስድስት ቀን መሮጥ ጀመርኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ። ትንፋሼ ተመለሰ። ብረቱ ግን 90 ኪሎ ላይ ቆመ፣ እንዲያውም መውረድ ጀመረ። ኋላ ሳነብ ነገሩ የቆየ ኖሯል። ሮበርት ሂክሰን የተባለ ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሰዎችን ለአሥር ሳምንት የብረትና የትንፋሽ ልምምድ አብሮ አሠርቷቸዋል። ትንፋሻቸው አልተጎዳም። ጉልበታቸው ግን እስከ ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ጨምሮ ቆመ፣ መጨረሻ ላይ ወረደ። እኔ ደግሞ ሩጫዬን ብረቱ የበላው መስሎኝ ነበር። የበላውስ ፈጢራው ነው!

አሁን ሦስት ቀን ብረት፣ ሦስት ቀን ሩጫ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም ፕሮቲን ቢገባ ይበቃል ይላሉ። ለእኔ 104 ግራም ይመጣል። በእንቁላል ቢሆን 17 እንቁላል! ኧረ አቦ፣ በዛሬ ዋጋ? ደግሞ ሁዳዴ ገብቷል። ሽሮ፣ ምስርና የባቢሌ ለውዝ ነው የያዘኝ። 100 ግራም ለውዝ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ኪስ ውስጥም ይገባል። ከእንግዲህ በወር አንድ ኪሎ ብጨምር ይበቃኛል። ብረቱ 100 ደርሷል፣ ሩጫው 14 ከ55።

ከሁሉ የምወደው የቅዳሜውን ነው። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ እወርዳለሁ። እናቴ ደስ አይላትም። የ1998ቱ ጎርፍ ሰው ተኝቶ ሳለ ከላይ ከደጋው ነው የወረደው፤ ዛሬም ወደ ደንገጎ በኩል ደመናውን ሳታይ አትለቀኝም። 41 ኪሎ አሸዋ በማዳበሪያ እጎትታለሁ፣ ፈተናው ላይ የሚጎተተው ያህል ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዳቸው 18 ሊትር ውሃ የያዙ ሁለት ጄሪካኖች አንጠልጥዬ 25 ሜትር ሄጄ እመለሳለሁ። ሕፃናት ይቆጥሩልኛል። ብዙ ጊዜ ያጭበረብሩኛል።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ዳር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። «አንተ ልጅ፣ ውሃውን ወስደህ ለምን ትመልሰዋለህ?»

«ስፖርት ነው፣ እማማ።»

«ከተሸከምከው አይቀር ቤቴ አድርስልኝ።»

ምን እላለሁ? ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ አረፍኩ። በር ላይ ሳወርደው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። «ግን ብላ እንጂ፣ ከስተሃል።»