መ፣ ሐ፣ ለ፦ ረሆቮት በምርጫው ሰሞን

እስራኤል የሄድኩት ለፖለቲካ አልነበረም። ገናን ቤተልሔም፣ ጥምቀትን ዮርዳኖስ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ዕቅዱ ይኸው ነበር። ጥር 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ዮርዳኖስ ወርደን፣ ተረጭተን፣ በረዶ በሚያክል ውኃ ተንቀጥቅጠን ስናበቃ አብረውኝ የመጡት ተሳላሚዎች ሻንጣቸውን ማሰር ጀመሩ። እኔ ቲኬቴን አስገፋሁ። ረሆቮት የሚባል ከተማ አንድ የልጅነት ጓደኛ ነበረኝ።

በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ እኛ ግቢ ውስጥ ከጎንደር የመጣ አንድ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ወደ እስራኤል የሚሄድበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። ከልጃቸው ጋር ብይ ስንጫወት ከረምን። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሏ ባዶ ናት። ድስቱ እንኳ ምድጃው ላይ ቀርቷል። ለካ ዘመቻ ሰሎሞን ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጫነ፤ ከነሱ አንዱ የእኔን ብዮች በኪሱ ይዞ ሄደ። ከሃያ ዓመት በኋላ ፌስቡክ ላይ አገኘሁትና መጀመሪያ የጻፍኩለት ስለ ብዮቹ ነው።

ረሆቮት ከቴል አቪቭ በስተደቡብ፣ በባቡር ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት። አንድ ጥግ ላይ ዓለም የሚያውቀው የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም አለ፣ ሣሩ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል። ሌላው ጥግ ላይ ኪርያት ሞሼ የሚባለው ሰፈር አለ። እዚያ ስትገባ ነጠላ የለበሱ እናቶች ደረጃ ላይ ተቀምጠው ታያለህ፤ በጎንደር አማርኛና በትግርኛ ይጫወታሉ፤ ልጆቹ ደግሞ በዕብራይስጥ ይጯጯሃሉ። የጓደኛዬ ወላጆች እዚያ ናቸው። እሱ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ትንሽ ራቅ ብሎ ተከራይቷል። ተከራይቷል የሚለውን ያዙልኝ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2013፣ የክኔሴት፣ ማለትም የእስራኤል ፓርላማ፣ ምርጫ ነው። አገሩ ሥራ ዘግቷል። እኔ ምርጫ ሲባል የ97ቱ ሰልፍ ነው ትዝ የሚለኝ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የቆመው ሰው። እዚህ ጓደኛዬ ከቁርስ በኋላ መታወቂያውን ኪሱ ከትቶ «ና ካልፒ እንሂድ» አለኝ፣ ዳቦ ሊገዛ እንደሚወጣ ሰው። ካልፒ የሚሉት የምርጫ ሳጥኑን ነው፣ ጣቢያውንም እንደዚያው ይጠሩታል። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። እኔ በር ላይ ቀረሁ፤ እሱ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ወጣ።

አመራረጡ ገረመኝ። ስም ላይ ምልክት የለም፣ አሻራ የለም። ለእያንዳንዱ ፓርቲ አንድ፣ ሁለት ወይ ሦስት የዕብራይስጥ ፊደል ያለባት ትንሽ ወረቀት አለች፤ ከካርቶኑ መከለያ ጀርባ ትሄድና ያንተን መርጠህ ፖስታ ውስጥ ትከታለህ፣ አለቀ። አባቱ ውጭ ከሚያድሉት ልጆች የተቀበሉትን አንዷን አሳዩኝ።

«አንብባት እስቲ» አሉኝ።

«አባባ፣ ዕብራይስጥ አልችልም።»

«ፊደል ቆጥረህ የለ? ይህቺ ሜም ናት፣ መ። ይህቺ ሔት፣ ሐ። ይህቺ ላሜድ፣ ለ። አንድ ላይ ስታነባት ምን ትላለች?»

መሐል! ወረቀቷ ግን የሊኩድ ናት፣ የኔታንያሁ፣ የቀኝ ክንፉ። አባባ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይኸው እኔ ሁሌም መሐል ነኝ» አሉ። ከመጡ ጀምሮ ሌላ መርጠው አያውቁም። እሳቸው ሲመጡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሊኩዱ ሻሚር ነበር፤ ያመጣህን ሰው አትከዳም፣ በቃ። በማኅበረሰቡ ውስጥ እንዲህ የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው።

ልጃቸው የመረጠው ሌላ «መሐል» ነው፣ የሺ አቲድ የሚባለውን የመሐል ፓርቲ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ፖ ተብለው ይነበባሉ፣ «እዚህ» ማለት ነው። የሺ አቲድ ደግሞ ወደፊት አለ፣ ነገ አለ እንደማለት ነው። መሥራቹ ያኢር ላፒድ አርብ ማታ በቴሌቪዥን ዜና የሚያቀርብ፣ ጋዜጣ ላይ ዓምድ የነበረው፣ አገር የሚያውቀው ጋዜጠኛ ነበር። አባቱ ቶሚ ላፒድም ጋዜጠኛ ኋላም ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ሺኑይ የሚባል የመሐል ፓርቲ መርተው በፈረንጆቹ 2003 ዓ.ም. 15 መቀመጫ አግኝተዋል። ልጁ ጃንዋሪ 2012 ላይ ከቴሌቪዥኑ ወጣና ፓርቲ አቋቋመ። የዕጩዎቹ ዝርዝር ላይ ከዚያ በፊት ክኔሴት የገባ አንድም ሰው አልነበረም፤ የሄርዝሊያ ከንቲባ፣ የዲሞና ከንቲባ፣ አንድ ራቢ፣ የሺን ቤት (የአገር ውስጥ ደኅንነቱ) የቀድሞ አለቃ፣ የጁዶ ተወዳዳሪ። ሰርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ የደረሳቸው የማይተዋወቁ እንግዶች ይመስላሉ።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ቴል አቪቭ ወሰደኝ፣ ሮትሺልድ ጎዳና። መሐሉ ላይ ዛፍና የእግረኛ መንገድ ያለው ሰፊ ጎዳና ነው፤ ሰው ቡናውን ይዞ ውሻውን ያናፍሳል። «እዚህ ጋ ነው የተኛሁት» አለኝ አንድ አግዳሚ ወንበር እያሳየ። ጁላይ 2011 አንዲት ወጣት የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷት ድንኳን ተከለች፣ ከዚያ ጎዳናው በድንኳን ተሞላ፣ ከዚያ አገሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ደግሞ ሰው ኮቴጅ የሚሉትን አይብ አልገዛም ብሎ አድሞ ነበር፤ አንዷ ጣሳ ስምንት ሼክል ልትገባ ነበርና። ጓደኛዬ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ሚስቱ ነርስ ናት። ሁለት ደሞዝ ይገባል፣ ቤት ግን አይገዛም። በዓመት የተወሰነ ቀን ደግሞ ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ይሄዳል።

«ግብር እከፍላለሁ፣ እዘምታለሁ፣ እከራያለሁ» አለኝ፣ ጣቱን እያጠፈ። «ሌላው ደግሞ አይዘምትም፣ ድጎማ ይቀበላል። ታዲያ ገንዘቡ የት ነው?»

«ገንዘቡ የት ነው» የሱ ጥያቄ አይደለም፣ የላፒድ ነው። ሰውየው ጋዜጣ ላይ ጻፈውና የዘመቻው መፈክር ሆነ። ሌላው «የሸክም እኩልነት» የሚለው ነው፦ አጥባቂ ሃይማኖተኞቹም እንደሌላው ይዝመቱ። እኔ የመሐል ፓርቲ ሲባል ከግራ ትንሽ ከቀኝ ትንሽ የቆነጠረ ሐሳብ ይመስለኝ ነበር። የጓደኛዬን ጣቶች ሳይ ነገሩ ሐሳብ ሳይሆን ሒሳብ ሆኖ አገኘሁት። የሚገርመው የዚያ ተቃውሞ መሪ ከነበሩት ወጣቶች ሁለቱ ለክኔሴት የተወዳደሩት በግራ ዘመሙ ሌበር ፓርቲ ነው። በእኔ ግምት ድንኳን ውስጥ ያደረው ብዙው ድምፁን ይዞ ላፒድ ጋ ሄደ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ለገና ቤተልሔም ስንገባ እስራኤልን ከፍልስጤማውያን የሚለየውን ያን ረጅም የኮንክሪት ግንብ አልፈን ነው፤ ወታደር፣ ፍተሻ፣ ጠመንጃ። ከዚያ ወዲህ ባየሁት የምርጫ ጨዋታ ሁሉ ስለ ግንቡ የሚያነሳ አጣሁ። ላፒድ ራሱ የሰላም አቋሙን የተናገረው ዌስት ባንክ ውስጥ ባለ አሪኤል በሚባል የአይሁድ ሰፈራ ነው፤ ለሁሉም እንዲስማማ ተደርጎ የታሰበ ንግግር። ጓደኛዬን ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እሱን አሁን ማን ያነሳል፣ መጀመሪያ ኪራዩን ልክፈል» አለ። አልገፋሁትም። እንግዳ ነኝ።

ማታ ኪርያት ሞሼ ተመለስን። እማማ ዶሮ ሠርተዋል። ቅቤ የለበትም፣ ሥጋና ወተት አንድ ድስት አይገቡምና በዘይት ነው፤ እኔ ግን ሁለቴ አስጨመርኩ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጣቢያው ሲዘጋ፣ መራጮች ሲወጡ ተጠይቀው የተሰበሰበው ግምት ወጣ። ሊኩድና አጋሩ 31 መቀመጫ። የሺ አቲድ 19 ገደማ። የቅድመ ምርጫ መጠይቆች ለላፒድ ከአሥራ አንድ አሥራ ሁለት ብዙም ሳያልፉ ነበር የሰነበቱት። ጓደኛዬ ከወንበሩ ተነሳ፣ ስልኩን አውጥቶ የዕጩዎቹን ዝርዝር በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«አሥራ ሁለተኛ፣ ሺሞን ሰለሞን፣ ገባ። አሥራ አራተኛ፣ ፕኒና፣ ገባች!»

እማማ እልልታውን አቀለጡት። ፕኒና ታማኖ ሻታ ከጎንደር አካባቢ በሕፃንነቷ በፈረንጆቹ 1984 በዘመቻ ሙሴ የመጣች፣ ጠበቃም ጋዜጠኛም የሆነች ናት። በኢትዮጵያ ተወልዳ ክኔሴት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነች። እልልታው ግን ትንሽ በዛ። አባባ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ሚስታቸውን አዩ።

«አንቺም?»

እማማ ድስቱን ማማሰል ያዙ። መልስ የለም። ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ለካ ጠዋት የልጅ ልጃቸው ሁለቱን ፊደላት በእስክሪብቶ መዳፋቸው ላይ ጽፋላቸው ነበር። እጃቸውን ሲገለብጡ ቀለሙ በርበሬ ውስጥ ገብቶ ደብዝዞ አየሁት።

«በፈረንጆቹ 1996 አዲሱ መሰለ ሲገባም እንዲሁ እልል ብላለች» አሉኝ አባባ፣ ሽንፈታቸውን ወደ እኔ እያዞሩ። «የእኛ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። የመሐል ፓርቲም እንደ አደይ አበባ ነው፣ መስከረም ሲያልፍ የለም።»

አልዋሹም። ሺኑይ በ2003 አሥራ አምስት ይዞ በ2006 ባዶ ቀረ። ሌላው የመሐል ፓርቲ ካዲማ በ2009 በ28 መቀመጫ አንደኛ ነበር፤ በዚያ በ2013ቱ ምርጫ ሁለት ይዞ ተረፈ። በጠቅላላው ድምፁ ካንዱ የመሐል ፓርቲ ወደሌላው እየተሸጋገረ ይኖራል፣ ቤት እንደሌለው ተከራይ።

የሺ አቲድ ግን እንደ ሌሎቹ ፈጥኖ አልረገፈም። በ2015 ወደ 11 ወረደ፣ ከዚያ ከቀድሞው የጦር ኃይል አዛዥ ከቤኒ ጋንትዝ ፓርቲ ጋር ተጣመረ፣ ተለያየ፤ በ2022 ላፒድ ለስድስት ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ፕኒናም በ2020 ሚኒስትር ሆናለች፣ በሌላ ፓርቲ በኩል ቢሆንም።

የአባባ ሳቅ የመጣው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። ላፒድ ከምርጫው በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ፣ የበጀቱን ጉድለት ለመሙላት ብሎ ቫትን ከ17 ወደ 18 በመቶ አሳደገ። ጁን ሁለት ቀን ጀመረ። ያን ሰሞን ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ገንዘቡን አገኘነው፣ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር» አለኝና ስልኩን ለአባቱ ሰጣቸው።

«ደህና ነህ ልጄ? እናትህ ደህና ናት?» ሰላምታውን በሥርዓቱ ከጨረሱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺን ወረቀት ይዘሃታል? አንብባት እስቲ።»