ስክሪኔን በየደቂቃው የሚያነሳልኝ ፕሮግራም

ባለፈው ክረምት የአንድ ሱቅ ደረሰኞችን በኢንተርኔት ቅጽ ላይ እየመዘገብኩ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፔም አብሮ ጠፋ። ቅጹ ለእያንዳንዱ ምዝገባ የሚሰጠውን የማረጋገጫ ቁጥር ስላልጻፍኩት፣ መብራት ሲመለስ የትኛው ደረሰኝ እንዳለፈና የትኛው እንደቀረ የማጣራበት መንገድ አጣሁ። ይህ እንዳይደገምብኝ የስክሪኑን ምስል በየደቂቃው አንስቶ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩ።

ማንሳቱ ቀላል ነው። ፒሎው በተባለው የፓይተን የምስል ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ውስጥ ያለው ኢሜጅግራብ በአንድ ትእዛዝ ስክሪኑን እንዳለ ይሰጣል፤ ከዚያ ምስሉን ፒኤንጂ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት አስቀምጦ 60 ሰከንድ መጠበቅ ነው። ለፋይሉ ስም ቀኑንና ሰዓቱን ስሰጠው፣ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ ስለማይቀበል በሰረዝ ተካሁት።

በመጀመሪያው ቀን ግን የስምንት ሰዓት ሥራ 480 ምስል ሆኖ ጠበቀኝ፤ አብዛኛውም አንድ ዓይነት ነበር። ስለዚህ አዲሱን ምስል ከቀዳሚው ጋር እንዲያነጻጽር አደረግኩ፤ የዚያው የፒሎው ክፍል የሆነው ኢሜጅቾፕስ የሁለቱን ልዩነት ያወጣል፣ ጌትቢቦክስ የተባለው ትእዛዝ ደግሞ ልዩነቱ ያረፈበትን አራት ማዕዘን ይናገራል። ይህን ጨምሬ ምሳ በልቼ ስመለስ፣ ማንም ያልነካው ኮምፒውተር አሁንም በየደቂቃው አዲስ ምስል ሲያስቀምጥ ቆይቷል። የአራት ማዕዘኑን ቁጥሮች አውጥቼ ባያቸው ሁሉም የሚያመለክቱት የታችኛውን የቀኝ ጥግ ነበር፤ ለካ የዊንዶውስ ሰዓት ደቂቃው በተቀየረ ቁጥር ምስሉን አዲስ ያደርገዋል! ስፋቱ 1920 በ1080 ፒክስል ከሆነው ስክሪኔ የታችኛዎቹን 40 ፒክስሎች ቆርጦ እንዲያነጻጽር ሳደርግ ነገሩ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ የቀረው በጽሑፍ መሃል ብልጭ ድርግም የምትለው ጠቋሚ መስመር ነበረች፤ ልዩነቱ ከሦስት ፒክስል የማይሰፋ ከሆነ እንዲያልፈው አድርጌ እሷንም ተገላገልኩ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ምስሎቹ የሚይዙት ነገር ነው። የይለፍ ቃል በነጠብጣብ ቢሸፈንም የባንክ ሂሳብና የቴሌግራም መልእክት እንዳሉ ይታያሉ፤ የሌሎች ሰዎችም ጭምር። ስለዚህ ፕሮግራሙን የማስነሳው ምዝገባ ስጀምር ብቻ ነው፤ ሰባት ቀን ያለፋቸውን ምስሎችም ራሱ ያጠፋቸዋል። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሳይነግሩት መጫን ስለላ ስለሆነ፣ ኮዱን ለጠየቀኝ ሁሉ ከመስጠቴ በፊት ለማን ኮምፒውተር እንደሆነ እጠይቃለሁ።