ከልጁ ጎን ያለችው ወንበር

ክፍል ውስጥ ሊያግዝ የሚገባ ወላጅ መምህሯን መጀመሪያ የሚጠይቃት «ምን ልሥራ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ ግን አይበቃም። «እኔ ጨርሼ ስሄድ ልጁ ብቻውን ምን መሥራት እንዲችል ነው የሚፈልጉት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። 10 የመደመር ጥያቄዎች ያሉበትን ወረቀት እናንሳ። ግቡ ወረቀቱን መሙላት የመሰለው ረዳት፣ ሰዓቱ ሲጣበብ መልሱን በጆሮ ሹክ ማለት ይጀምራል። መምህሯ የፈለገችው ግን ልጁ 6 ሲደመር 3ን ከ1 ጀምሮ መቁጠሩን ትቶ፣ 6ን በልቡ ይዞ «7፣ 8፣ 9» እንዲል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች በደንብ ከተሠሩ ይበቃል፤ ሰባቱ ባዶ ቢቀሩ ምንም አይደለም። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ከትምህርቱ በፊት የ2 ደቂቃ ንግግር ይበቃል። መምህሯ በር ላይ ተማሪ እየተቀበለች ከሆነ ደግሞ በብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ መስመር ይተካዋል።

ወላጅ ክፍል ውስጥ ከሚሠራው ሁሉ ልጅን ለብቻው ሲያነብ መስማትን አስቀድማለሁ። 30 ልጆች ያሏት መምህርት ለእያንዳንዱ ጆሮ መስጠት ቢያምራትም ሰዓቱ አይፈቅድላትም። ረዳቱ ይህን ክፍተት መሙላት ይችላል፤ ሒሳቡን ግን በትክክል መያዝ አለበት። አንድ ልጅ 7 ደቂቃ ያነባል፤ ከቦታው ተነሥቶ ለመምጣት፣ ገጹን ለማግኘትና ረዳቱ ማስታወሻ ለመጻፍ ሌላ 3 ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ በ1 ሰዓት 6 ልጅ ነው። 10 ልጅ ላዳርስ ያለ ሰው ማጣደፉ አይቀርም፤ የሚጣደፍ ልጅ ደግሞ ያላነበበውን ቃል ዘሎ ያልፋል።

አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ፊት ለፊት መቀመጥ ፈተና ያስመስለዋል፤ ከጎን ሲሆን ግን ሁለቱም አንድ ገጽ ያያሉ። መጽሐፉን ልጁ ይያዝ፣ ገጹን እሱ ይግለጥ፣ ጣትም የሚያስፈልግ ከሆነ የእሱ ጣት ይሁን። ቦታው መምህሯ የምታየው መሆን አለበት። ኮሪደር ላይ ከሆነ በሩ ክፍት ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ መቀመጥ አይገባም። ይህ ልጁንም ረዳቱንም ይጠብቃል።

ልጁ ቃል ላይ ሲቆም ከባዱ ሥራ ዝም ማለት ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጣችው ጥናት፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አግኝታዋለች። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። በእነዚያው ዓመታት ኒውዚላንድ ውስጥ ለወላጆች የተዘጋጀ የንባብ እገዛ ዘዴ ደግሞ 5 ሰከንድ ጠብቁ ይላል። 5 ሰከንድ በልብ ሲቆጠር ረጅም ነው፤ እጅም አፍም ያሳክካል። ቢሆንም ብዙ ልጆች ራሳቸውን የሚያርሙት በዚህች ዝምታ ውስጥ ነው።

ከዝምታው በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ቀላል ነው። ልጁ ተሳስቶ ካነበበ ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ይተዉት። ያነበበው ትርጉም የማይሰጥ ከሆነ «እንዲህ ይባላል?» ብለው ይጠይቁት። ትርጉም ሰጥቶ ፊደሉን ከሳተ ወደ ፊደሉ ይመልሱት። ሁለት ጊዜ ተጠቁሞ ካልሆነለት ቃሉን ይንገሩትና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ያንብበው። ሥዕሉን አይቶ እንዲገምት ማድረግን ግን አልደግፍም፤ ገምቶ ያገኘውን ቃል ነገ ሥዕል በሌለበት ገጽ ላይ ያጣዋል።

በእኛ ፊደል ሲያነቡ ከሚያጋጥሙት ስሕተቶች አንዱ የፊደሉን ዘር (በ፣ ቡ፣ ቢ እያለ የሚለዋወጠውን መልኩን) መሳሳት ነው፤ ልጁ «በ»ን ያውቃል፣ «ቢ» እና «ቤ» ላይ ግን ይምታታበታል። ያኔ ቃሉን ከመንገር ይልቅ በ፣ ቡ፣ ቢ እያለ ራሱ ወርዶ እንዲደርስበት ማድረግ ይበጃል። ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። ጽሑፉ ስለማያሳየው ልጁ «አለ»ን አጥብቆ ወይም አላልቶ ቢያነብ ፊደሉን አልሳተም። ስለዚህ «ተሳስተሃል» ሳይሆን «እዚህ ጋ ሰውየው ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል?» ተብሎ ወደ ሐሳቡ ይመራ።

50 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ 5 ወይም ከዚያ በላይ ካቆሙት መጽሐፉ ከብዶታል። መታገሉን ማድነቅ ደግ ቢሆንም በዚያ ክብደት ማስቀጠል ንባብን ያስጠላዋል። ቀሪውን ረዳቱ ያንብብለትና ቀለል ያለ መጽሐፍ እንዲመረጥለት ለመምህሯ ይንገር። ሲያመሰግኑትም «ጎበዝ ነህ» ከማለት የሠራውን መጥቀስ ይሻላል፦ «ቃሉ እንዳልሆነ አውቀህ ተመልሰህ አነበብከው»። እንዲህ ሲባል ነገም ምን እንደሚደግም ያውቃል።

ማስታወሻው አጭር ይሁን፦ ቀን፣ የገጽ ቁጥር፣ ያቆሙት ሦስት አራት ቃላት፣ የረዳው ነገር። «ደካማ ነው» የሚል ቃል አይጻፍበት፤ መምህሯ በእሱ ምንም ልታደርግ አትችልም፤ «ቢ እና ቤን ያምታታል» ከተባለች ግን ነገ ጠዋት የምትጀምርበት አላት።

ከጠረጴዛ ጀርባ የሚሠራውም ሥራ አይናቅ። የሚቆረጡ ካርዶች፣ የሚቀረጽ እርሳስ፣ የሚለጠፍ ሥራ የመምህሯን ምሽት ይበላሉ። ካርዶች በፕላስቲክ ሲለበጡ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ፕላስቲክ ይተርፍ፤ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ከተቆረጠ በሳምንቱ መላጥ ይጀምራል። ለ5 ቡድን 6 ስብስብ ይዘጋጅ (አንዱ መጠባበቂያ ነው)፣ በየፖስታው ላይም ውስጡ ስንት ካርድ እንዳለ ይጻፍ። አንድ ካርድ የጎደለበት ጨዋታ ቡድኑን በሙሉ ያጣላል።

የራስ ልጅ ያለበት ክፍል ለብቻው ማሰብን ይጠይቃል። ትንንሾቹ ወላጃቸውን ሲያዩ ሥራ ትተው ጉያ ይገባሉ፤ ተለቅ ያሉት ደግሞ ያፍራሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወላጁ በሌላ ቡድን፣ ቢቻል በሌላ ክፍል ቢመደብ ጥሩ ነው። ቤት ሲደርሱም «እገሌ ማንበብ አይችልም እኮ» የሚል ወሬ በልጁ ፊት መነሣት የለበትም። የሌላ ሰው ልጅ ድካም በሠፈር ሲዞር ያ ቤተሰብ በትምህርት ቤቱ ላይ ያለውን እምነት ያጣል፤ እምነቱን መልሶ ማግኘት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ስለ ልጃቸው የሚጠይቅ ሌላ ወላጅ ካለ መልሱ «መምህሯን ይጠይቋት» ነው።

ሥነ ሥርዓት ማስያዝ የመምህሯ ነው። ረዳቱ «መምህርሽ ምን ብላ ነበር?» ብሎ ያስታውስ፤ መቅጣት፣ ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ በእጅ መያዝ የእሱ አይደለም። ከቤት ያመጡትን ምግብ አለማደል፣ ፎቶ አለማንሳት፣ ልጅን ለብቻ ይዞ መጸዳጃ ቤት አለመግባትም እንደዚሁ ናቸው፤ ማንም ሳይጠይቅ ከመጀመሪያው ቀን የሚታወቁ መሆን አለባቸው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ልጅ ለብቻው ሲቀመጥ፣ እያነበበም ቢሆን፣ ቤት ውስጥ ወይም ሌላ ቦታ የሚደርስበትን በደል ሊናገር ይችላል። ያን ጊዜ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት ትልቅ ጥፋት ነው። ዝም ብለው ይስሙት፣ «እንዲህ አድርጎህ ነበር?» እያሉ መልስ አያጉርሱት፣ «መናገርህ ጥሩ ነው፤ ሊረዳህ ለሚችል ሰው እነግራለሁ» ይበሉት። ከዚያ ቃሉን እንደተናገረው ጽፈው በዚያው ቀን ለመምህሯ ወይም ለርእሰ መምህሩ ያድርሱ። መመርመር የረዳቱ ሥራ አይደለም።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፣ በሳምንት አንድ ቀን 1 ሰዓት፣ ያውም ያለማቋረጥ፣ በወር አንዴ ሙሉ ቀን ከመምጣት ይበልጣል። ልጆች ቀኑን ይለምዱታል፣ ተራቸውንም ይቆጥራሉ። ታናሽ ልጅ ይዞ መምጣት አይሆንም፤ ዓይን ለሁለት ይከፈላል። መቅረት ግድ ከሆነ ከዋዜማው ይነገር፤ መምህሯ የቡድን ሥራውን ያቀደችው ሁለተኛ ሰው አለ ብላ ነውና ጠዋት በር ላይ ከሰማችው ትምህርቱን እንደ አዲስ ልታዘጋጅ ነው።