የእኩለ ሌሊት ጸሎት፦ ከዘወረደ እስከ ደብረ ዘይት

ባለፈው እሑድ ደብረ ዘይት ነበር፤ የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ። ጾሙ ተጋመሰ። ስለ ጌታ ዳግም መምጣት የሚናገረው ማቴዎስ 24 ሲነበብ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቴን አልደፋሁም። ከመጀመሪያው እሑድ ከዘወረደ ወዲህ ካለፉት 28 ሌሊት 17ቱን ለጸሎት ተነሥቻለሁ። አምና አንድም ሌሊት አልተነሣሁም። ጌታን እየጠበቃችሁ እንቅልፍ ለሚያሸንፋችሁ እስቲ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የነግህና የሠርክ ጸሎት ብዙም አላስቸገረኝም። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ከመያዜ በፊት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ፤ ማታም እራት ሳይቀርብ እጸልያለሁ። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት የታገለኝ መንፈቀ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት።

ሰዓቱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በአሥሩ ደናግል ምሳሌ የሙሽራው መምጣት የተሰማው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ጳውሎስና ሲላስም ወኅኒ ቤት ሆነው የጸለዩት በዚሁ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ በስልኬ አላርም ነበር የምነሣው። ላጠፋው ስልኩን ሳነሣ ቴሌግራም ላይ መልእክት ተደርድሮ አያለሁ። አብዛኛው የዘመን ፍጻሜ ምልክት የሚተነትን ቪዲዮ ነው። ጦርነቱ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ፣ «ቀኑ ታወቀ» የሚለው። አንዱን ልይ ስል 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ፈርቼ፣ ሳልጸልይ እተኛለሁ። ሁለተኛው ሳምንት እንዲህ አለቀ። ስለ መምጣቱ ስሰማ አድሬ እሱን ራሱን አንዴም አላናገርኩትም። ይሄ በጣም አሳዘነኝ።

ቀን የሚቆጥር ትምህርት ለንቃት ይጠቅማል ብዬ አላምንም። ያችን ቀን ማንም እንደማያውቃት ጌታ ራሱ እዚያው ምዕራፍ ላይ ተናግሯል። ፍርሃት አንድ ሁለት ሌሊት ያነቃል፤ ከዚያ ይለመዳል።

መርካቶ ወርጄ ባለ ደወል ትንሽ ሰዓት ገዛሁ። በባትሪ የሚሠራ ነው። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ ከሥሩ ነጠላዬን አጥፌ። ለማጥፋት የግድ ከአልጋ መውረድ አለብኝ። ስልኩ ማድ ቤት ያድራል። ሊሾው እግሬን ሲያቀዘቅዘው፣ ነጠላውን ስከናነብ እንቅልፉ ይለቀኛል። ወደ ምሥራቅ ዞሬ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ ከዚያ ከዳዊት አንድ መዝሙር። 15 ደቂቃ አይሞላም።

በፊትማ የዕለቱን ዳዊት ሙሉውን ካልደገምኩ ብዬ ነበር። የሰኞው ብቻ 30 መዝሙር ነው። በሦስተኛው ቀን አቃተኝ። የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ የምትችዪውን ያዢ፤ ብቻ አታቋርጪ» አሉኝ።

ካልጸለይኩባቸው 11 ሌሊቶች አብዛኛው በስልኩ የባከነው ሁለተኛው ሳምንት ነው። አራቱ ግን ከታናሽ እህቴ ጋር ተኳርፈን የነበረበት ሰሞን ነው። ደወሉን ሰምቻለሁ። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ጋ ስደርስ ምን እንደምል ስለማውቅ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን ደወልኩላት።

ሕፃን የምታጠቡ እናቶች ግን ይሄን አትሞክሩት። እናንተ ድሮም ነቅታችሁ ነው የምታድሩት። እያጠባችሁ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፣ ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። በምሳሌው አሥሩም ደናግል ተኝተዋል፤ ልባሞቹም ጭምር። የለያቸው ልባሞቹ ለመብራታቸው የያዙት ዘይት ነው። ዘይቱን መምህራን በመልካም ሥራ ሲተረጉሙት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ እንዲሁ ያልፈኝ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ቆሜ ስጸልይ ሳላቸውን ሰማሁ። ደረቅ፣ የማያቋርጥ ሳል። በማግስቱም በዚያው ሰዓት። ለካ ሌሊቱን ሁሉ እያሳላቸው ነው የሚያድሩት። ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር አንድ ቀን አልሰማሁም።

ጠዋት ትኩስ ሻይ ይዤ ገባሁ። «ልጄን እንዳላስቸግራት ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ፤ ልጃቸው ያለችው ዓረብ አገር ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነገ ጠዋት ለራጅ ቀጠሮ አላቸው፣ ከሥራ አስፈቅጃለሁ። ሰዓቱን ለ6 ሞልቼዋለሁ። ሳሉ ዛሬ ቀነስ ያለ መስሎኛል።