ጥቁርና ነጭ በአንድ ሕንጻ፦ የቤት ማኅበራችንን እንዴት መራን

በአንድ የአሜሪካ ከተማ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ከሌላ አገር የመጣውም አብሮ የሚኖርበትን የቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር በሰብሳቢነት መርቻለሁ። ሕንጻው የማኅበሩ ነው፤ አባል የሚሆን ሰው ዕጣ፣ ማለትም የባለቤትነት ድርሻ፣ ገዝቶ ይገባል፤ ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ነው። ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዟ ሮችዴል 28 ሰዎች ካቋቋሙት ማኅበር ጀምሮ የኖረ የኅብረት ሥራ መሠረት ነው። እኔ እንዳየሁት ግን ተቀላቅሎ መኖር የሚጸናው አዲስ ሰው በሚገባበት ደንብ ነው፤ መልካም ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

ቀድሞ አዲስ አባል የሚገባው በነባር አባል ምስክርነት ነበር። ማንም ክፋት አላሰበም። ይሁንና ሰው የሚያመጣው ዘመዱንና የሥራ ባልደረባውን ስለሆነ፣ የበዛው ወገን እያደር ይበልጥ ይበዛል። ምስክርነቱን አስቀርተን የተራ መዝገብ ከፈትን፤ ማመልከቻው የገባበትን ቀንና ሰዓት ከነቁጥሩ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ስም አልተጻፈም። አመልካቹ ጣቱን በወረቀቱ ላይ እያንሸራተተ ቁጥሩን ያገኛል፤ ስንት ሰው እንደሚቀድመው ለማወቅ ማንንም ደጅ አይጠናም።

«ለየወገኑ ኮታ እንመድብ» ያሉ አባላት ነበሩ። ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሐሳቡን ግን አጥብቄ ተቃወምኩ። በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ስታሬት ሲቲ የሚባለው ሰፊ የኪራይ መንደር ነጮች እንዳይሸሹ በሚል ኮታ ይዞ ነበር፤ ውጤቱ ጥቁር አመልካቾች ከነጮች ይልቅ ረጅም ጊዜ ተራ እንዲጠብቁ ማድረግ ሆነ። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1988 አሠራሩ የ1968ቱን የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ድሮ የተገፋን ሰው ለሚዛን ሲባል ዳግመኛ መግፋት ፍትሕ አይደለም። እኛ የለወጥነው የማስታወቂያውን መንገድ ነው፤ ስማችን ወደማይሰማባቸው ሰፈሮች አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ቤተ መጻሕፍት ወሰድነው።

ከሁሉም የከበደው ገንዘብ ነበር። በ1930ዎቹ አንድ የፌዴራል መንግሥት የብድር ተቋም ባሠራቸው ካርታዎች ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በቀይ ቀለም «አደገኛ» ተብለው ተመድበዋል። በእነዚያ ሰፈሮች የቤት ብድር ማግኘት ጭንቅ ነበር። አያቱ ቤት መግዛት ያልቻለ ሰው ዛሬ ለዕጣው የሚሆን ውርስ የለውም። ስለዚህ «ሁሉም እኩል፣ በአንድ ጊዜ ይክፈል» የሚለው ደንብ ቀለም ሳይጠራ ቀለም ይመርጣል። ዕጣው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ፈቀድን። ተቀማጫችን ሳሳ፤ የጣሪያው እድሳትም ዘገየ። ያም ሆኖ ዛሬም ያንኑ እወስን ነበር።

በጠቅላላ ጉባኤ ዕድል የሚፈልጉ ሁሉ ሳይናገሩ ማንም ሁለተኛ ጊዜ እንዳይናገር አደረግን። አብልጬ የተከታተልኩት ግን ኮሚቴዎቹን ነው። ሂሳቡንና ብድሩን ነጮቹ ብቻ፣ ጽዳቱንና መስተንግዶውን ጥቁሮቹ ብቻ ከያዙት፣ የአንድ ሰው አንድ ድምፅ መብት ወረቀት ላይ ይቀራል። አሁን የሂሳብ ኮሚቴ አባል ከመውረዱ በፊት በዚያ ኮሚቴ ሠርቶ የማያውቅ አባል አጠገቡ አስቀምጦ የመዝገብ አያያዙንና ከባንክ ጋር የሚደረገውን መጻጻፍ ያስተምራል።